ከባሕር ዛፉ ሥር ያሉ ቤቶች

ሥራዬ ቤት ማጥፋት ነው። እንዲህ ስል እናቴ ትቆጣለች፤ «አፍሽን ያዢ፣ ሰው ይሰማል» ትለኛለች። እኔ ግን ከዚህ ያጠረ መግለጫ አላገኘሁለትም። አውሮፕላን ዝቅ ብሎ ይበራል፤ ከሆዱ የሌዘር ጨረር ወደ ታች ይለቃል፤ ጨረሩ የነካው ነገር ሁሉ ነጥብ ሆኖ ይመዘገባል። አብዛኛው ነጥብ ቅጠል ላይ፣ ቆርቆሮ ላይ፣ የመብራት ሽቦ ላይ፣ አንዳንዴም የላም ጀርባ ላይ ያርፋል። ጥቂቱ ግን በቅጠሉ መሀል ሾልኮ መሬት ይደርሳል። እኔ ሰበታ፣ ጅማ መንገድ ዳር፣ ከቀለም መሸጫ ሱቅ በላይ ባለች ጠባብ ቢሮ ተቀምጬ ያንን ጥቂቱን ከብዙው እለያለሁ። ዛፉን አነሳለሁ፣ ቤቱን አነሳለሁ፣ ፋብሪካውን ከነጭስ ማውጫው አነሳለሁ። የሚቀረውን «ራቁት መሬት» ብለን እንጠራዋለን።

ይህ ሁሉ የሚደረገው ለአንድ ዶክተር ጥናት ነው። ዶክተሩ የመካከለኛውን ዘመን የገጠር አሰፋፈር ያጠናል። ነገሥታቱ የት ድንኳን እንደተከሉ የጻፈላቸው ሞልቷል። ገበሬው ግን ቤቱን ሰብሰብ አድርጎ ይሠራ ወይስ ራቅ ራቅ እያደረገ፣ ውኃ ከየት ይቀዳ፣ ከብቱን የት ያሳድር እንደነበር ማንም ከቁም ነገር ቆጥሮ አልጻፈለትም። መሬት ግን ትንሽ ትንሽ ይይዛል። ሰው ዙሪያውን ቆፍሮ፣ ድንጋይ ደርድሮ ቤት ከሠራ፣ ቤቱ ከፈረሰ ከብዙ መቶ ዓመት በኋላም ዙሪያው በጣት ቁመት ከፍ ዝቅ ብሎ ይቀራል። ቆመውበት አይታይም፤ ከላይ በሌዘር ሲታይ ግን ፊት ላይ እንዳለ ጠባሳ ቁልጭ ይላል። ዶክተሩ እኩያዬ ስለሆነ አንተ እለዋለሁ። እሱም ትዕግሥቱ ሲያልቅ «እመቤቴ» ይለኛል።

አንድ ቀን ሰበታን ሳጸዳ የተከራየሁበትን ቤት አገኘሁት። ልብስ የማሰጣበት ገመድ ሳይቀር በነጥብ ተሰልፎ ቆሟል። ከሰፈሩ ጋር አንድ ላይ መርጬ ተጫንኩት፤ ጠፋ። በቦታው ለጥ ያለ መሬት ቀረ። ያን ዕለት ከሥራ ተመልሼ ቁልፉን በሩ ላይ ሳስገባ እጄ ትንሽ ቆይቶብኛል። ሰው በሕይወት የሚኖርበት ሁሉ በአንድ ጣት ሲነሳ፣ ማንም ስማቸውን የማያውቃቸው ሰዎች ጉድጓድ ግን ፍንክች አይልም። ይህን ነገር ከመጀመሪያው አልወደድኩትም።

በነሐሴ የገፈርሳ ተራ ደረሰ። ከግድቡ በላይ ያለውን የባሕር ዛፍ ዳገት ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ ያደግሁት ቡራዩ ነው። ለእኔ ያ ቦታ ጫካ ነው፤ ጫካ ሆኖ የተፈጠረ ነው። ዛፉን ሳነሳው ከሥሩ ሰፈር ወጣ። ክብ ክብ ቅርጾች ዳገቱን ይዘው፣ አንዱ ከሌላው ራቅ ራቅ እያለ ተቀምጠዋል። እያንዳንዱ ክብ በአንድ በኩል ክፍት ነው፤ ክፍቱ ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ፣ ወደ ውኃው ይመለከታል። ከየክፍቱ ቀጭን መስመር ይወርዳል፤ መስመሮቹ ተገናኝተው አንድ መንገድ ይሆናሉ፤ መንገዱ ወርዶ ግድቡ ውስጥ ይገባል። የእኛ ሌዘር ውኃ አያልፍም፤ ግድቡ ስክሪኑ ላይ ጥቁር ጉድጓድ ነው። ግድቡ ሳይሠራ ሰዎቹ የሆነ ቦታ ይሄዱ ነበር ማለት ነው። የት ይሄዱ እንደነበር ግን ጥቁሩ ውጦታል።

በክቦቹ ውስጥ፣ ከበሩ ትይዩ በግድግዳው ጥግ፣ ትንንሽ ጉብታዎች ነበሩ። ድፎ ዳቦ ያህላሉ። እነሱን የፍልፈል አፈር ናቸው አልኩ። የገበሬ ልጅ ነኝ፤ ፍልፈል መሬት ሲምስ አፈሩን እንዴት እንደሚከምር ማንም አያስተምረኝም። ልስላሴ የሚሰጠውን መሣሪያ መረጥኩና አለፍኩባቸው። ወለሉ ጠፍጣፋ ሆነ።

ዶክተሩ ክቦቹን ሲያይ ከወንበሩ ተነሳ። ቀዝቃዛ ሻዩን ይዞ ወደ ስክሪኑ ጎንበስ አለ፤ «ይኼን ነው ስፈልግ የኖርኩት» ይላል እየደጋገመ።

«ይኼማ የኛ ነው» አልኩት።

«የእናንተ ምን?»

«የእናቴ ሰፈር ነዋ። በደርግ ጊዜ መንደር ምሥረታ ሲመጣ ሰው ሁሉ ከየዳገቱ ተነስቶ ሜዳው ላይ በመስመር እንዲሰፍር ተደረገ። እናቴ ሙሽራ ሆና የገባችበት ቤት እዚያ ነበር። ከዚያ ባሕር ዛፍ ተተከለበት። የመካከለኛ ዘመን ሰው ስትፈልግ የኔን አያት አገኘህ።»

ዶክተሩ ሻዩን አስቀመጠ። ፊቱ ላይ የነበረው ብርሃን ሲጠፋ ትንሽ ደስ አለኝ፤ እንዲህ ያለ ሰው ነኝ። «እርግጠኛ ነሽ?» አለ። እንዴታ። የተወለድኩበት አገር ነው። እሱ ግን ጠንቃቃ ነው። ዳገቱ ለመጋዘን ግንባታ ተሰጥቷል፤ ከመስቀል በኋላ ዛፉ ተቆርጦ መሬቱ ይደለደላል። ዶክተሩ የጥንት ነው ብሎ ያመለከተው ቦታ ግን ጥናቱ እስኪያልቅ ታጥሮ ይቆያል። «የቅርብ ጊዜ ሰፈር ከሆነ አላስታጥረውም። ቢሆንም እናትሽን ጠይቂልኝ፤ አንዴ ከተደለደለ አይመለስም» አለኝ።

እሑድ ላፕቶፔን ይዤ ቡራዩ ሄድኩ። እናቴ ፍልሰታን እየጾመች ነበር። ትንሽ ሴት ናት፤ እርጅና ሲመጣ የባሰ አነሰች፤ ምላሷ ግን እንዳለ አለ። አጠገቧ ተቀምጬ መጀመሪያ ቡራዩን ከነቤቱ፣ ቀጥሎ ቡራዩን ያለ ቤት አሳየኋት።

«የኔስ ቤት?»

«አጥፍቼዋለሁ።»

«እሰይ። አሳድጌ ለዚህ በቃሁ» አለችና መነጽሯን ገፋ አደረገች። ገፈርሳን ከፈትኩ። መጀመሪያ ጫካውን፣ ከዚያ ዛፉን አንስቼ ዳገቱን። እናቴ አንገቷን አስግጋ አየች። ስክሪኑ አልታያት ይሆናል ብዬ አቀረብኩላት። ጣቷን አንዱ ክብ ላይ፣ ክፍቱ ላይ አሳረፈች።

«በሩ» አለች። በር መሆኑን አልነገርኳትም ነበር።

«ሰፈራችሁ አይደል?» አልኳት። ጣቷ ከበሩ ገብቶ ወደ ጥጉ ሄደ፤ እኔ ያለሰለስኩት ወለል ላይ ወዲያ ወዲህ አለ፤ የሆነ ነገር ሲያጣ ቆመ።

ከእኔ በፊት አንዲት ሴት ልጅ እንደነበረቻት አውቃለሁ። ሰማንያ ቀኗ ሳይደርስ፣ ክርስትና ሳትነሳ በትኩሳት ሞተች። ያልተጠመቀ ልጅ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ አይቀበርም። ጓሮ ቀብረዋት ይሆናል ብዬ አስቤ ነበር እንጂ ጠይቄ አላውቅም። በቤታችን ስለሷ አይወራም፤ ስምም ገና አልወጣላትም ነበር።

«እዚህ ናት» አለች እናቴ ጣቷን ሳታነሳ። «ፈልጌያታለሁ። አንቺን አርግዤ ሄድኩ። ዛፉ ሁሉ አንድ ነው። ዞሬ ዞሬ እዚያው የጀመርኩበት ግንድ ላይ ቆምኩ። ሌላም ጊዜ ሄጃለሁ። እንዳታገኛት ብሎ የሚያዞረኝ ነገር አለ።»

«ምን ልታደርጊያት?»

«አፈር ልወስድ። ከመቃብሯ ትንሽ አፈር። እኔ ስሞት አብረሽ ታደርጊልኛለሽ። ብቻዋን አያስገቧትም፤ ብብቴ ሥር ሆና ስትገባ ግን ማን ያያታል?» ለንስሐ አባቷ ነግራቸው እንደሆነ ልጠይቃት ፈልጌ ተውኩት። «መስቀል ሲያልፍ ዛፉን ይቆርጣሉ። ከዚያ ግሬደር ይገባል። ግንዱ ላይ ቀይ ቀለም ቀብተዋል፤ አይቻለሁ» አለች። እናቴን ሲከፋት አይቼ አውቃለሁ፤ ስትለምን ግን አላየኋትም ነበር። «ዛፉን ማንሳት ከቻልሽ ውሰጂኝ።»

ፍልሰታ በተፈታ ሰሞን አንድ ጠዋት ወጣን። ከቡራዩ በሚኒባስ ገፈርሳ ድረስ ሄድን፤ ከዚያ በእግር። ጭጋጉ ግድቡን ሸፍኖት ውኃው የት እንደሚጀምር አይታይም። በጫካው ዳር ፕላስቲክ የለበሱ ሽማግሌ ዘበኛ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። እናቴ በኦሮምኛ «አካም ቡልተን» አለቻቸው፤ «ነጋ» አሉና ተነሱ። ወዴት እንደምንሄድ ጠየቁ።

«ቤት ጠፍቶብኝ ነው» አለች እናቴ።

ሰውየው ሳይገርማቸው ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ።

«አብረውን ይገባሉ?» አልኳቸው።

«እኔ ከዳር ነው የምጠብቀው» አሉ። «እንጨት የሚሰርቅ በዚህ ነው የሚወጣው። ውስጥ ምን እሠራለሁ?» ከዚያ ለእናቴ በኦሮምኛ ቀስ ብለው የሆነ ነገር ነገሯት፤ እሷም ቀስ ብላ መለሰች። ምን እንዳሉ ስጠይቃት «ቀስ ብላችሁ ሂዱ ነው ያሉት» አለችኝ። ያሉት ግን ከዚያ የረዘመ ነበር።

ባሕር ዛፍ ሥር ሣር አይበቅልም፤ ወፍም ብዙ አይገባበትም። ከግንዱ የተላጠ ልጥ እንደ ጨርቅ ተንጠልጥሎ ንፋስ ሲነካው ይንሿሿል። ጭጋጉ ውስጥ ግንዶቹ አንዱ ከሌላው ጀርባ በመስመር ቆመዋል፤ ወዴትም ቢዞሩ ያው መስመር ነው። እናቴ ለምን እንደጠፋች ያኔ ገባኝ። እኔ ግን ስልክ አለኝ። ራቁቱን ዳገት ስልኬ ላይ ጭኜዋለሁ፤ እኔ ሰማያዊ ነጥብ ሆኜ በላዩ ላይ እሄዳለሁ። ዓይኔ ጫካ ያያል፣ እጄ ላይ ግን ዛፍ የለም፤ ሜዳ ላይ በሰው ሰፈር መሀል ነው የምሄደው። እዚህ ጋ የከብት በረት አጥር ተሻገርኩ፣ እዚህ ጋ የጎረቤት ደጅ አለፍኩ። ደግሞ ያ መንገድ፣ ወደ ግድቡ የሚወርደው፣ እግሬ ሥር ነበር። ጫማዬ ሲሰጥምና ሲነሳ ይሰማኛል፤ ዓይኔ ግን ቅጠል እንጂ ሌላ አያይም። ቀስ በቀስ የትኛው እውነት እንደሆነ ግራ ገባኝ፤ ግንድ ሊገጨኝ ሲል ሁሉ እደነግጥ ጀመር።

እናቴ ጣቷን ያሳረፈችበት ክብ ጋ ደረስን። ምንም የለም። ደረቅ ቅጠል፣ ግንድ፣ ጭጋግ። ወደፊት ስራመድ ግን እግሬ ወረደ፤ ቀጥሎ ወጣ፤ ገባሁ። ክቡ ውስጥ ነኝ። በጣም ኮራሁ።

«እማዬ ነይ፣ ቤትሽ ገባሁልሽ» አልኳት።

እናቴ ከውጭ ቆማለች። ጃንጥላዬን እንደ ምርኩዝ ይዛ በንዴት ታየኛለች።

«ውጪ» አለች።

«ምን?»

«ውጪ ነው የምልሽ። የሰው ቤት እንዲህ ዘው ተብሎ፣ ያውም በግድግዳ በኩል ይገባል?»

«የራስሽ ቤት አይደል እንዴ?»

«ማን የኔ ነው አለሽ?»

ወጣሁ። እናቴ በጃንጥላው ጫፍ ዳገቱን ወደ ታች አመለከተች፤ ስልኬ ላይ ምንም ምልክት የሌለበት ልሙጥ ቦታ ነው። «የኛ እዚያ ነበር። መንደር ምሥረታ ሲመጣ ወንዶቹ ከሥር ገብተው ጣሪያውን በሙሉ በትከሻቸው አንስተው ሄዱ። እኔ ከኋላ ሆኜ ሳይ ጣሪያ ነው እግር አውጥቶ የሚሄድ። ግድግዳውን ነቅለን፣ ማገሩን ፈትተን፣ ጉልቻ ሳይቀር ተሸክመን ወረድን። ጠርገን ነው የሄድነው። ምን ይተርፋል ብለሽ ነው?»

«እነዚህስ?»

«እነዚህ እኔ ሙሽራ ሆኜ ስመጣ ነበሩ። አማቴ ሙሽራ ሆና ስትመጣም ነበሩ። እነማን እንደሆኑ የሚያውቅ የለም። የነዚያ ቤት ነው የምንለው። ማንም አይሠራበት፣ ማንም አያርሰው።»

ዶክተሩ ፊት ደረቴን ነፍቼ የኛ ነው ያልኩት የኛ አልነበረም። የኛ የሆነው፣ አባቴ የኖረበት፣ አያቴ ያረጀችበት ሰፈር፣ መሬቱ ላይ የጣት ቁመት እንኳ አላስቀረም። ጥርግ ብሏል። የነዚያ ግን ከነደጁ አለ፣ ከነመንገዱ አለ። የእናቴ ልጅ እዚህ ምን ትሠራለች ብዬ ጠየቅኳት።

«ቤተ ክርስቲያን አይቀበሉልኝም» አለች፤ እንደ ተራ ነገር ነው የምትናገረው። «ጓሮ ብቀብራት ደግሞ ብቻዋን ናት። አማቴ ናት ያመጣችኝ። የዚህ አገር ሴት ሁሉ፣ ክርስትና ሳይነሳ ልጅ የሞተባት ሁሉ፣ እዚህ ነው የምታመጣው። የነዚያ ቤት ቤት ነው፤ ሰው አለበት። ከበር ቆመሽ ትጣሪያለሽ፣ ልጅ አምጥተናል ትያለሽ፣ ትንሽ ትጠብቂያለሽ፣ ከዚያ ያስገቡሻል። እንግዳ በሚተኛበት በኩል፣ ጥግ ላይ ታስተኚያታለሽ። ወንዶቹ ያውቃሉ፤ ግን አይጠይቁም።»

ጉብታዎቹ ትዝ አሉኝ። ድፎ ዳቦ የሚያህሉት፣ ከበሩ ትይዩ ጥግ ላይ የነበሩት። ፍልፈል ብዬ፣ ቡናዬን ፉት እያልኩ፣ በአንድ ጣት ያለፍኩባቸው። እዚህ ክብ ውስጥ ብቻ አልነበሩም፤ በየክቡ ነበሩ። አፈርኩ፤ ከማፈሬም በላይ ፈራሁ። ዙሪያዬን አየሁ፤ ግንድ ብቻ ነው።

እናቴ በክቡ ዙሪያ ወስዳኝ ክፍቱ ጋ አቆመችኝ። «ጥሪ» አለች።

«እኔ?»

«ዘው ብለሽ የገባሽው አንቺ ነሽ። ጥሪ።»

እንደ ሞኝ ጉሮሮዬን ጠረግኩ። ኦሮምኛዬ ቢሮ ውስጥ ዝጎ ነበር፤ ይህችን ግን ልጅ ሆኜ ጎረቤት ስላክ በየደጁ ቆሜ ብያታለሁ። «ወራ መና፣ ጂርቱ?» አልኩ። የቤቱ ሰዎች፣ አላችሁ?

ድምፄ ጭጋጉ ውስጥ ገብቶ ቀረ። ጠበቅን። ልጡ እንኳ መንሿሿቱን አቆመ። እናቴ አንገቷን ዘንበል አድርጋ እንደምትሰማ ቆማለች። መጠበቃችን ሲረዝም መሳቅ አማረኝ፤ ቀጥሎ ሳቁ ጠፋብኝ። ቆይታ ቆይታ እናቴ ራሷን ነቀነቀችና «ግቢ» አለችኝ። ማን ምን እንዳላት አልጠየቅኳትም።

ጥጉ ላይ ተንበርክካ ቅጠሉን በእጇ ጠረገች። ከሥሩ ትንሽ የድንጋይ ክምር ወጣ፤ ጅብ እንዳይቆፍረው በወግ የተደረደረ። አጠገቡ ሌላ። አጠገቡ ሌላ። እኔም ተንበርክኬ ጠረግኩ። ጥጉን ይዘው እስከ ግድግዳው ግማሽ ድረስ ተደርድረዋል፤ አንዳንዱ ሰምጦ ድንጋዩ ብቻ ቀርቷል። እናቴ ከአንዱ ወደ ሌላው በእንብርክኳ ሄደች፤ ተመለሰች፤ መዳፏን እየጫነች አየች።

«የኔ ጥግ ላይ ነበረች» አለች። «በስተቀኟ አንድ ብቻ ነበር። ከዚያ በኋላ መጥተዋል። ብዙ መጥተዋል።» መዳፏን ከድንጋዩ ላይ አነሳች። «አላውቃትም። ኢንታላ ኮ፣ ልጄን፣ አላወቅኋትም።»

ስልኬን አወጣሁ፤ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ስልክ አስጠልቶኝ አያውቅም። ስክሪኑ ላይ የምንበረከክበት ወለል ጠፍጣፋ ነው። ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ ባላጠፋውም የትኛዋ እህቴ እንደሆነች ሌዘር አይነግረኝም።

መጨረሻው ክምር ጋ ስደርስ እጄ እርጥብ አፈር ነካ። ቅጠሉ ለይምሰል የተበተነ ነው። ድንጋዮቹ ገና ሽበት አላወጡም፣ በመካከላቸው ያለው አፈር ጥቁር ነው፤ ይህ ክረምት ያየው ነው። ማንም አይገባበትም ብዬ ያሰብኩት ጫካ ነው። እናቴ መጥታ አየችው። ከዚያ ከዳር የሚጠብቁት ሽማግሌ የነገሯት ነገር ምን እንደነበር ጠረጠርኩ።

«የሚያገኙት አሉ ማለት ነው» አለች ቀስ ብላ፤ ድምፅዋ ውስጥ ቅናት ነበር። ቅጠሉን መልሳ በጥንቃቄ አለበሰችው።

ከዚያ የነጠላዋን ጫፍ ዘርግታ ከመጀመሪያው ክምር በሁለት ጣቷ ቆንጥራ አፈር ወሰደች። ከሁለተኛውም ወሰደች። ከሦስተኛውም።

«እማዬ፣ እኮ የትኛዋ እንደሆነች...»

«ምን አውቃለሁ የማን እንደሆኑ» አለች ሳትዞር። «እናቶቻቸውም ሞተዋል። ሁሉም ይምጡ።»

ከሁሉም ቆነጠረች፤ ከሰመጡትም፣ ድንጋይ ብቻ ከሆኑትም። ከአዲሱ ብቻ አልወሰደችም። «የሷ እናት ትመጣለች» አለች። ነጠላዋን ቋጠረች፤ ደግፌ አስነሳኋት። በበሩ ስንወጣ ዞር ብላ «ነጋቲ» ብላ ተሰናበተች፤ ክፉ ካልዋሉባት ጎረቤቶች የተለየች ነው የምትመስለው። ስንመለስ ስልኬን አላወጣሁትም። እናቴ ከፊት ሄደች፤ አንዴም አልተሳሳተችም።

ሰኞ ለዶክተሩ የኛ እንዳልሆነ ነገርኩት። «እመቤቴ፣ እርግጠኛ ነሽ ብዬሽ ነበር» አለ፤ የሚገባኝ ነው። ዳገቱ የሚታጠሩት ቦታዎች ውስጥ ገባ። ያለሰለስኩትን ወለል ከመጀመሪያው ነጥብ ጀምሬ እንደገና ሠራሁት፤ ጉብታዎቹ አንድ በአንድ ተመለሱ። ዶክተሩ ጀርባዬ ቆሞ ሲያይ «ፍልፈል አይደሉም እንዴ?» አለኝ። አይደሉም አልኩት፤ ምን እንደሆኑም ነገርኩት። በኋላ ከበሩ ትይዩ ያለውን ጥግ ማንም እንዳይቆፍር ብሎ ወሰነ። ዳገቱ የታጠረበት ቢጫ ገመድ ምን ያህል ጊዜ እንደሚቆይ እሱም አያውቅም፣ እኔም አላውቅም።

አሁን ሱሉልታን እያጸዳሁ ነው። ከሜዳው በላይ ባለው ዳገት፣ ከባሕር ዛፍ ሥር፣ እንደዚያው ክቦች አሉ፤ በሮቻቸው ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ያያሉ፤ ውስጣቸው ጉብታ አለ። ፍልፈል ይሁኑ አይሁኑ ከሰበታ ሆኜ ማወቅ አልችልም። አልነካቸውም።

አፈሩ እናቴ ራስጌ፣ ክዳን ባለው ጣሳ ውስጥ፣ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ስትሞት የት እንደማደርገው አሳይታኛለች፤ ለማንም እንዳልናገርም አስምላኛለች። አስከሬን የሚገንዙት ሴቶች እንዳያዩ በየትኛው እጄ እንደምይዘው ሳይቀር ተለማምደናል። ያን ሁሉ ሕፃን በአንድ ብብት ሥር እንዴት አድርጋ እንደምታስገባ ሳስብ እስቃለሁ፤ ከዚያ አልቅሳለሁ።

ባለፈው እሑድ ስሄድ እናቴ ከቅዳሴ አልተመለሰችም ነበር። ቁልፍ አለኝ። በሩን ከፈትኩ፣ አንድ እግሬን አነሳሁ፣ ከዚያ ቆምኩ። ቤቱ ጨለም ብሏል፤ አልጋዋ ተነጥፏል፤ ራስጌው ላይ ነጩ ጨርቅ ይታያል። እግሬን መልሼ ደጅ ላይ ቀጥ ብዬ ቆምኩ።

«ወራ መና፣ ጂርቱ?» አልኩ።

ማንም አልመለሰም። ጥቂት ጠብቄ ገባሁ።